ስለ ጀበና ቡና ንግድና ስለ ቤተ ሰብ ገንዘብ

በዱራሜ ከተማ ከመናኸሪያው ተነሥቶ እስከ መሥሪያ ቤቶቹ ድረስ በእግሩ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን የጀበና ቡና መሸጫዎች እቈጥራለሁ ቢል ከእኩሌታው ሳይደርስ ቍጥሩ ይጠፋበታል። አንዲቱ በቤቷ ደጃፍ ቄጠማ ጎዝጕዛ፣ ሌላዪቱ በሸራ ጥላ ሥር አራት በርጩማ ደርድራ፣ ሦስተኛዪቱ ደግሞ ጠባብ ክፍል ተከራይታ በረከቦቷ ፊት ተቀምጣለች። ጧት ጧት ከሐምበሪቾ ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ ሠራተኛውንም ተማሪውንም መንገደኛውንም ወደ ከሰሉ ይስበዋልና ቡና የሚጠጣ ሰው ጠፍቶ አያውቅም። እንዲህም ሲሆን ከእነዚሁ ቤቶች መካከል ዓመት ሳይሞላቸው የሚዘጉትን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ባለቤቲቱን ስለ ምን ዘጋሽ ብለው ቢጠይቋት «ገበያው ቀዘቀዘ» ትላለች። ገበያው ግን አልቀዘቀዘም፤ የትናንቱ ጠጪ ማዶ ካለችው ጎረቤቷ ዘንድ ተቀምጦ ይታያል።

እኔ በፍርድ ቤት በጸሐፊነት ብዙ ዘመን ስላሳለፍሁ፣ ስለ ገንዘብ የተጣሉትን ወንድማማቾች፣ ባልና ሚስት፣ አከራይና ተከራይ ቃል ስጽፍ ኖሬአለሁ። በሥራዬ ምክንያት ያወቅሁትን የሰው ጉዳይ በጋዜጣ ማውጣት ግን ለእኔ ነውር ነው። ስለዚህ ዛሬ የማነሣው የራሴን ቤት ነው። የሌላውን ሰው ጉዳይ ቃል በቃል ስጽፍ የምውል ሰው ለራሴ ቤት አንዲት መስመር ሳልጽፍ በመቅረቴ ምን እንደ ደረሰብን ብናገር፣ ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስቡ ባልና ሚስት ከእኛ ስሕተት ይጠቀሙ ይሆናል።

በ2010 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በደቡብ አፍሪካ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም 40,000 ብር ላከላት። እንደሚታወቀው ሁሉ ከከምባታና ከሐድያ ብዙ ወጣቶች ወደዚያ አገር ሄደው በየሠፈሩ ትናንሽ ሱቅ ከፍተው ይሠራሉ፤ በሆሳዕናና በዱራሜ ከታነጹት አዳዲስ ቤቶችም ብዙዎቹ የእነዚህ ልጆች ድካም ናቸው። ወንድሟ በስልክ የተናገረው ቃል ይህ ብቻ ነበር። «እቴ፣ እጅሽ ቡና ያውቃል፤ በዚህ ሥሪበት።» ሥሪበት ማለት ስጦታ ነውን? ብድር ነውን? ወይስ በንግዱ ውስጥ የእርሱ ድርሻ ነውን? በዚያን ቀን ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም እግዜር ይስጥልን ከማለት በቀር አንዳች አልተናገርሁም። ገንዘብ በተላከበት ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ማንሣት ወንድምን እንደ መጠርጠር ይቈጠራል ብዬ አፍሬ ነበር።

የተቃወሙን አማቴ ብቻ ነበሩ። እርሳቸውም የተቃወሙት ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ ሥራው ነው። «ቡና ጎረቤት የሚጠራበት እንጂ የሚሸጥ ነገር ነው ወይ? ነገ ደግሞ ውሃ በዋጋ ልትሰጡ ነው» አሉን። አነጋገራቸው ያስቀን ነበር፤ ዳሩ ግን በአገራችን ልማድ ቡና የፍቅርና የሽምግልና መጠጥ ሆኖ ስለ ኖረ፣ በስኒ ተመን መሸጡ ለሽማግሎች እንግዳ ቢሆንባቸው አይፈረድባቸውም። በቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ የኔታ እንደ ነገሩን በቀድሞው ዘመን በሰሜን አገር ካህናት ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው ይርቁት ነበር፤ ይህም እየቀረ የሄደው በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ አቡነ ማቴዎስም ይህን አስተሳሰብ ለማስቀረት ብዙ እንደ ደከሙ በታሪክ ተጽፏል። ስለዚህ አማቴ ነውር ያሉት ሥራ ከእርሳቸው በፊት መጠጣቱ ራሱ ነውር ይባል ከነበረ ነገር የመጣ ነው።

በውጭ አገርም ቢሆን ቡና መሸጥ ከታናሽ ነገር ነው የተነሣው። በኢስታንቡል ከተማ የቡና ቤቶች የተከፈቱት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1550ዎቹ ዓመታት ሲሆን፣ በለንደን የመጀመሪያውን ቡና ቤት በ1652 የከፈተው ፓስኳ ሮዜ የሚባል አገልጋይ ነበር። ይህን ሰው አንድ እንግሊዛዊ ነጋዴ ይዞት የመጣው ከሰምርኔስ ነው፤ በዮሐንስ ራእይ ከተጠሩት ከሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት የአንዲቱ አገር መሆኗ ነው። ሮዜ በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አጠገብ በዳስ ውስጥ ተቀምጦ ይሸጥ ጀመር። ገበያው በደራለት ጊዜ የጠላ ነጋዴዎች ይህ ሰው በከተማው ለመነገድ መብት የለውም ብለው ለከተማው ሹም አቤት ስላሉበት፣ መብት ያለውን አንድ ሰው ሸሪክ ለማድረግ ተገደደ። የፈቃድ ነገርና የሸሪክ ነገር ከዳሱ ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን ልብ ይሏል። በአገራችንም በ1953 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በአዲስ አበባ የተቋቋመው ቶሞካ፣ በ2004 የተጀመረው ካልዲስም እያንዳንዳቸው ከአንድ ቤት ተነሥተው ነው ዛሬ ስማቸው የገነነው። ለአማቴ ይህን ሁሉ ባስረዳቸው «እኔ ስለ ለንደን አልጠየቅሁህም» አሉኝ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ወደ መንገድ የሚያይ አንድ ክፍል ስለ ነበረን የቤት ኪራይ አላስፈለገንም። ታዲያ 40,000 ብሩ ወዴት ሄደ? 14,000 ብር ለወንበር፣ ለጠረጴዛና ለመደርደሪያ፤ 9,000 ብር ለክፍሉ ቀለምና ለጣራ ማደሻ፤ 6,000 ብር ለጀበና፣ ለሲኒ፣ ለረከቦትና ለውሃ በርሜል ወጣ። 5,000 ብር በዚያው ወር ለደረሰ የዘመድ ሠርግ መዋጮ ሆነ። ለቡና፣ ለስኳርና ለከሰል የተረፈው እንግዲህ 6,000 ብር ነው። ጠጪው የሚመጣው ለቡናው እንጂ ለወንበሩ አለመሆኑን ያወቅነው ወንበሩ ከተገዛ በኋላ ነው። በርጩማ ይበቃን ነበር። ዛሬም ይህን ሥራ ልትጀምር የምታስብ ሴት ምክር ብትጠይቀኝ፣ ቢያንስ የአንድ ወር ቡና፣ ስኳርና ከሰል የሚገዛ ገንዘብ ለብቻው ሳይነካ ካልተቀመጠ በቀር አንድም ወንበር አትግዢ እላታለሁ።

ሥራው ግን ሲጀመር አማረ። ባለቤቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ከሰል ታያይዛለች፤ ቡናውን በፊታቸው ቈልታ፣ ጭሱን አሽትታ፣ ቈሎ አቅርባ ታስተናግዳለች። በእሑድ ቀን ወደ ጸሎት ስለምንሄድ ዘግተን እንውላለን። አንዱን ሲኒ በ5 ብር ሸጠን ማታ ማታ የብስኩት ቆርቆሮ ሞልቶ ሲታይ ሀብታም የሆንን መሰለን። ያ ቆርቆሮ የንግዱም የቤቱም ካዝና ነበር። የልጆች ደብተር ከእርሱ፣ የወፍጮ ከእርሱ፣ የዕድር ከእርሱ ይወጣል። አማቴ ለመድኃኒት፣ እኔ ለስልክ ካርድ ከእርሱ እንወስዳለን። ስንወስድም ለእርስዋ አንነግራትም፤ ምክንያቱም የቤታችን ገንዘብ ነውና።

ከሁሉም የከፋሁት እኔ ነበርሁ። የሥራ ባልደረቦቼን በዕረፍት ሰዓት ይዤ መጥቼ በባለቤቴ ቡና መመካት ጀመርሁ። አንድ ቀን ሦስት፣ አንድ ቀን አምስት ሆነን እንጠጣና ስንነሣ «በእኔ በኩል ነው» እላለሁ። በእኔ በኩል የሆነው ሁሉ በእርስዋ በኩል ቀረ። እርስዋ አንድም ቀን ክፈል አላለችኝም፤ እኔም ዝምታዋን እንደ ፈቃድ ቈጠርሁት። ጎረቤቱና ዘመዱም የእኔን አይቶ ዱቤ ጀመረ፤ የደመወዝ ቀን ይደርሳል እየተባለ የደመወዝ ቀን መጥቶ ያልፋል።

በ2011 ዓ.ም. ማለቂያ፣ በነሐሴ ወር መጨረሻ በደቡብ አፍሪካ በጆሃንስበርግና በአካባቢው በውጭ አገር ሰዎች ላይ ሁከት ተነሥቶ ብዙ ሱቆች ተዘረፉ። ከተዘረፉትም አንዱ የባለቤቴ ወንድም ሱቅ ነበር። እርሱ በእግዚአብሔር ቸርነት ነፍሱ ተረፈች፤ ንብረቱ ግን በአንድ ሌሊት ጠፋ። በሳምንቱ ደውሎ፣ ድምፁ ተለውጦ «እቴ፣ ያን ገንዘብ መልሽልኝ፤ ካልሆነም የቻልሽውን ያህል ላኪልኝ» አላት።

ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ገንዘቡ ስጦታ መስሏት ነበርና። አማቴ ደግሞ ልጄ የላከው ለቤተ ሰቡ ሁሉ ነው፤ እንግዲህ ታናሽ ወንድሙም ድርሻ አለው ብለው ተነሡ። እኔም የሕግ ሰው መስዬ በመካከላቸው ተቀምጬ «ለመሆኑ እስከ አሁን ስንት አተረፍሽ? ገንዘቡ ወዴት ሄደ?» ብዬ ጠየቅኋት። ዛሬ ሳስበው የምጸጸትበት ጥያቄ ይህ ነው።

እርስዋም ምንም ሳትመልስ ተነሥታ የክፍሉን በር ዘጋችው። በሩ ቀን ቀን ሁልጊዜ ተከፍቶ ስለሚውል ጀርባውን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ከላይ እስከ ታች በከሰል የተሰመሩ ጭረቶች ሞልተውበታል፤ አራት አራቱ ቆመው አምስተኛው በአግድም ይሰርዛቸዋል።

«አንተ የሰውን ዕዳ ስትጽፍ ትውላለህ፤ እኔም ያንተን ጽፌአለሁ። ቍጠረው» አለችኝ።

ቈጠርሁት። እኔና ባልደረቦቼ የጠጣነው 612 ሲኒ ነበር፤ በ5 ብር ሲባዛ 3,060 ብር ሆነ። ይህም በዚያን ዘመን ከአንድ ወር ደመወዜ ብዙ የማያንስ ገንዘብ ነው። የጎረቤትና የዘመድ ዱቤ ከመስኮቱ በታች ለብቻው ተሰምሯል። ከቆርቆሮው ለቤት የወጣው ግን በየትም አልተጻፈም፤ ምክንያቱም ስንወስድ አልነገርናትምና።

በቤት ውስጥ ከዚያ በኋላ የተነገረውን ሁሉ አልጽፍም። በሦስተኛው ቀን አማቴን፣ አንድ የሠፈር ሽማግሌና አንዲት የባለቤቴን አክስት ይዘን ተቀመጥን፤ ወንድሟም በስልክ ከእኛ ጋር ነበረ። ሽማግሌው አስቀድመው የጠየቁት ስለ ገንዘቡ አልነበረም። «ልጄ፣ ስትልክ በልብህ ምን ብለህ ነበር?» አሉት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «እኔ ራሴ አላውቅም፤ ቢሳካላት ደስ ይለኛል፣ ቢቸግረኝ ትረዳኛለች ብዬ ነበር» አለ። እንደዚህ ያለ መልስ በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል? ስጦታም አይደል፣ ብድርም አይደል። በቤተ ሰብ መካከል የሚተላለፈው ገንዘብ አብዛኛው እንዲህ ያለ ይመስለኛል፤ ችግር እስኪመጣ ድረስም ስም አይሰጠውም።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ለሠርጉ የወጣው 5,000 ብር ለቤተ ሰቡ ሁሉ ክብር የሆነ ስለ ሆነ ይቀራል። የቀረው 35,000 ብር ብድር ተብሎ በየወሩ 1,000 ብር ይከፈላል፤ ወለድ የለውም። ታናሽ ወንድሙ ድርሻ የለውም፤ ነገር ግን ሥራ ሲፈታ እየረዳ ደመወዝ ይቀበላል። እኔም 3,060 ብሬን በሦስት ወር ለንግዱ እከፍላለሁ። ይህን ጽፈን ሁለት ምስክሮች ፈረሙበት። ክፍያው በጥቅምት 2012 ዓ.ም. ተጀመረ። በመጋቢት ወር የኮሮና በሽታ በአገራችን ስለ ታየ ቡና ቤቱ ቈመ፤ አምስት ወር ሳንከፍል ቀረን፣ ወንድሟም ታገሠን። የመጨረሻው 1,000 ብር የተላከው በጥር 2015 ዓ.ም. ነው። እውነቱን ለመናገር በዚህ ውል የተጎዳው እርሱ ነው፤ ብሩ በእነዚያ ዓመታት አቅሙ እየደከመ ስለ ሄደ፣ የተመለሰለት 35,000 የላከውን 35,000 ያህል አይገዛም ነበር። ይህን ባለቤቴም ታውቀዋለች፤ በየዓመቱ በሚላክለት የቅቤና የበርበሬ ጥቅል ውስጥ ከሚገባው በላይ ስታጭቅ አያታለሁ።

አሁን ሥራዬ ወደ ሆነው ወደ ሕጉ ጥቂት ልግባ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር በምስክር ብቻ ሊረጋገጥ እንደማይችል ይናገራል። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ትልቅ ሀብት ነበረ፤ በጎረቤት መካከል የሚደረገው ትንንሹ ብድር ሁሉ ከዚህ ወሰን በታች ይውል ነበር። ዛሬ ግን 500 ብር ለአንድ ኪሎ ቡና እንኳ የማይበቃበትን ጊዜ አይተናል። እንግዲህ የሕጉ ቃል ሳይለወጥ ትርጓሜው ተለውጧል ማለት ነው፤ ዛሬ ለንግድ መነሻ የሚሰጥ ብድር ሁሉ ከወሰኑ በላይ ስለ ሆነ፣ ሳይጻፍ የቀረ እንደ ሆነ አበዳሪው ሦስት ምስክር ቢያቆም እንኳ ላይጠቅመው ይችላል። በጽሑፍ መሆን ያለበት ውልም ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበታል። ብዙ ሰዎች የባለጉዳዮቹ ፊርማ ብቻ የሚበቃ ይመስላቸዋል።

ከብድር ማኅበር ወይም ከባንክ የሚበደሩትም ዋስ ይጠየቃሉ። ዋስ ሁነኝ ሲሉት ለወዳጅነቱ ብሎ የሚፈርም ሰው ሞልቷል። ዋስትና በግልጥ መነገር አለበት፤ ዋሱም የሚጠየቅበት ከፍተኛው ገንዘብ በውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ ፈራሚው ከስሙ አስቀድሞ ያንን ቍጥር ይፈልግ። ስለ ቤት ኪራይም ቢሆን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ አዋጅ የሚናገረው ስለ መኖሪያ ቤት ነው እንጂ ስለ ንግድ ቤት አይደለም። የቡና መሸጫ ክፍል የምትከራይ ሴት ዘመኑንና ጭማሪውን በውሏ ካላስጻፈች፣ ደንበኛ ባፈራች ማግስት አከራዩ ኪራዩን እጥፍ ቢያደርግባት በዚያ አዋጅ አትጠበቅም።

ባልና ሚስትን በተመለከተ፣ በትዳር ዘመን ከሥራ የተገኘ ገቢ በቤተሰብ ሕግ የጋራ ሀብት ነው። እኔ ቆርቆሮውን ስከፍት የቆምሁት በዚህ ሐሳብ ላይ ነበር። የጋራ ማለት ግን ሁለቱም ይወቁት ማለት እንጂ አንዱ ሳያሳውቅ ይውሰደው ማለት አይደለም። ይህን ለመማር 612 ጭረት አስፈለገኝ።

ስለ ሒሳቡ ደግሞ። ከቄስ ትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ሚስዮን ትምህርት ቤት በገባሁ ጊዜ የሒሳብ መምህራችን ደብተሩን ከሁለት ከፍለን በስተ ግራ ገቢ፣ በስተ ቀኝ ወጪ እንድንጽፍ ያስተምሩን ነበር። ለባለቤቴ ይህንኑ ባሳያት እርስዋ ሁለት መስመር ጨመረችበት፤ አንዱ «ያልተከፈለ» ሲሆን ሁለተኛው «ለቤት የወጣ» ነው። እኔ እስከማውቀው ለትንሽ ንግድ ከዚህ የተሻለ ደብተር የለም።

ዋጋ የሚተምኑ ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በቤት ቡና ልማድ ስለሚቈጥሩ ነው። በቤት ውስጥ አንድ ጊዜ የተወቀጠው ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሦስት ጊዜ ይጠጣል። በንግድ ግን ዋጋ ከፍሎ ቶና የሚቀበል ጠጪ የለም፤ ሁሉም አቦል ይፈልጋል። ጥሬ ቡና ደግሞ ሲቈላ ውሃው ስለሚወጣለት ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ ክብደቱን ያጣል። ባለቤቴ አንድ ኪሎ ቈልታ ብታስመዝነው 830 ግራም ሆነ። ለአንድ ሲኒ 8 ግራም ያህል ብናደርግ፣ የሚደፋውና የሚቀምሰው ሲቀነስ 100 ሲኒ ይወጣዋል። ጠጪው በሁለት ማንኪያ ስኳር ስለሚጠጣ ከአንዱ ኪሎ ቡና ጋር አንድ ኪሎ የሚያህል ስኳር አብሮ ይሄዳል፤ ይህን አስቀድማ የምታስብ ጥቂት ናት።

ለማስረጃ ያህል እንዲህ እንበል፤ እያንዳንዷ የራሷን ገበያ ዋጋ ታግባበት። ቡናው 800፣ ስኳሩ 150፣ ከሰልና ውሃ 150፣ ቈሎው፣ ዕጣኑና ቄጠማው 100፣ ለ100 ሲኒ የሚደርሰው ኪራይ 200፣ የረዳቷ ደመወዝ 200 ቢሆን ጠቅላላው 1,600 ብር ነው። አንዱን ሲኒ በ20 ብር ብትሸጥ 2,000 ብር ታገባለች፤ የሚተርፋት 400 ነው። ከዚህም ውስጥ የተሰበረ ሲኒ፣ የፈቃድ ማሳደሻ፣ ግብርና የራሷ ድካም ይወጣል። አሁን ከመቶው ሲኒ ዐሥሩ ብቻ በዱቤ ሄዶ ሳይከፈል ቢቀር 200 ብር ጠፋ፤ ይኸውም የትርፏ እኩሌታ ነው። ዐሥር ሲኒ ማለት እኔና አራት ባልደረቦቼ በቀን ሁለት ጊዜ ስንቀመጥ ነው።

የቡናው ዋጋም በዱራሜ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ቡና በከምባታ ወረዳዎች የሚበቅል የጓሮ ተክል ቢሆንም፣ በብራዚል በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ድርቅ በሆነ ጊዜና ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ የእኛም ጓሮ ቡና ዋጋው ተሰቀለ። በኒው ዮርክ ገበያ አንድ ፓውንድ ቡና፣ ይህም ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚያንስ፣ በየካቲት 2025 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። ባለቤቴ በዚያን ሰሞን የሲኒውን ዋጋ ሦስት ጊዜ ለወጠች፤ በሦስተኛው ጊዜ ጠጪዎቹ አኮረፉ፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቈይተው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ በተገኘ መጠን ለብዙ ወር የሚሆነውን በአጨዳ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ደርቆ ያለቀውን መርጣ ትገዛለች። እርጥብ ቡና በክብደቱ ያታልላል፤ በኋላም ይሻግታል። ማከማቻውንም ከነጭ ጋዝና ከሽንኩርት ትለያለች፤ ቡና ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣልና። የተቈላ ግን ከሳምንት በላይ አታኖርም።

ዕዳው ባለቀበት ዓመት በነሐሴ ወር የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ስለ ተቋቋመ ወደ ከተማችን የሚመላለሰው ባለ ጉዳይ በዛ። ባለቤቴም የፊተኛውን ክፍል ለልጆች መኝታ ትታ ከመናኸሪያው በታች ጠባብ ክፍል ተከራየች። ወንበሮቹን ሸጠን በርጩማ ገዛን። ፈቃዱ በእርስዋ ስም ወጣ። የንግዱ ገንዘብ በባንክ ደብተር፣ የቤቱ በቆርቆሮው ተቀመጠ፤ በየሳምንቱ ዓርብ ማታ ለራሷ ደመወዝ ብላ የወሰነችውን ከአንዱ ወደ ሌላው ታሻግራለች። ከዚያ በቀር ለልጅ ሕመምም ቢሆን ከንግዱ ሲወጣ በአራተኛው መስመር ይጻፋል። ይህ ሥርዓት መጀመሪያ አንገሸገሸኝ፤ በገዛ ቤቴ እንግዳ የሆንሁ መሰለኝ። አማቴ ግን ወደዱት፤ ለመድኃኒታቸው የሚሆነው በየወሩ ሳይለምኑ ስለሚደርሳቸው። ቡና መሸጥ ነውር ነው ያሉት እርሳቸው ዛሬ ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠው ቈሎ እያቀረቡ፣ ሳይከፍል ሊነሣ የሚሞክረውን ወጣት «ልጄ፣ እጅህ ኪስህን ረሳችው» ይሉታል።

እኔም ዕለት ዕለት እየከፈልሁ እጠጣለሁ። አንድ ጊዜ ቦርሳዬን ቢሮ ረስቼ ብመጣ ባለቤቴ ሲኒውን ከፊቴ አንሥታ ለሌላ ሰው ሰጠችው፤ ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

የኪራዩ ውል በሚመጣው ሐምሌ ያልቃል። በውሉ ላይ ያስጻፍነው ጭማሪ ከዐሥር አንድ እጅ እንዳይበልጥ ነው፤ አከራያችን ግን ለሚቀጥለው ውል ከዚያ በላይ እንደሚጠይቁ ከወዲሁ ፍንጭ ሰጥተዋል። ባለቤቴ ለዚያ ብላ ከአምስት ቡና ሻጮች ጋር የሳምንት እቁብ ገብታለች፤ ዕጣው እንዲደርሳት የምትመኘው በሰኔ ወር ነው።